በእርሳስ የተፈረመ

የእኔ ሥራ ማውረድ ነው፤
መውጣት የሌላ ሰው።
ማዘሪ ይሏታል መንደራችንን፣ ከኡሽባ ተራራ ሥር፤
ሃያ ሁለት ዓመት ቃሬዛ ይዤ በበረዶ ስዳክር
የስንቱን ልጅ ተሸከምኩ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ፤
ስንቱን አባት አየሁ፣ ድንኳን ደጃፍ ቆሞ ዐይኔን ሲጠይቅ።

አንዲት እናት ነበረች፣ ከሩቅ አገር የመጣች፤
አልጮኸች፣ ደረት አልመታች፤
የልጇን ጫማ ማሰሪያ ቀስ ብላ እየፈታች
"በርዶት ነበር?" ብቻ አለች።
"የለም" አልኳት።
ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ ያቺ ብቻ ናት ደግሜ የምዋሻት።

አሁን ደግሞ ባርባሬ፣ አሥራ አራት የሞላት፣
ወረቀት አምጥታ ዘረጋች፣ ከጨው ዕቃው ጎን፣ በእራት ሰዓት።
"የወላጅ ፊርማ" ይላል፤ ከሥሩ ባዶ መስመር፣
ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ እንደ በረዶ ስንጥቅ
ከሩቅ ሲታይ የማያስፈራ ነገር።

"ኡሽባን እኮ አይደለም" አለች፣ "ጎረቤቱን ነው፣ ትንሹን።"
ከትንሹም አውርጃለሁ፤ አልነገርኳትም ይህን።
የክለቡ አሠልጣኝ ጎበዝ ነው፣ አውቀዋለሁ።
ተራራውም ጎበዝ ነው፤ እሱንም አውቀዋለሁ።

"አይሆንም" አልኩ።
ሾርባዬን ማማሰል ቀጠልኩ።

ባርባሬ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር።
ሚስቴ ናት፣ ኢርማ፣ ሳህን እያጠበች፣
ጀርባዋን ሰጥታኝ የጀመረችው መናገር፦

"በሐምሌ ድርቆሽ ስናጭድ፣ ከላይኛው ቁልቁለት፣
ማጭድ ይዛ ስትወርድ፣ በወገቧ ገመድ ያሰርክላት
አንተ አይደለህ?
ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ያኔ፤ ከእግሯ ሥር ወንዙ ሲያጓራ፤
ማን ፊርማ ጠየቀህ? ማን ነበር የፈራ?
ለላም ቀለብ ሲሆን ገደሉ ሜዳ ነው፣
ለልቧ ሲሆን ነው ገደል የሚሆነው?"

መልስ አጣሁ።
መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ላሟን ልይ ብዬ ወጣሁ።

የግንቡ ጥላ ጓሮው ላይ ተጋድሟል።
አባቶቻችን ያን ድንጋይ የካቡት ልጅ ለማትረፍ ነው፣
ደም መላሽ ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ ስበው።
ልጁ ተረፈ። ግን ስንት ዓመት በጨለማ እንደ ተቀመጠ
ድንጋዩ አልነገረኝም፤ ዝም ብሎ አፈጠጠ።

ገመዷን ከሚስማሩ አወረድኩ።
ስልሳ ሜትር፣ ክንድ በክንድ፣
ዐይነ ስውር የልጁን ፊት እንደሚዳስስ ዳሰስኩ።
አርባ ሁለተኛው ሜትር ላይ ክሩ ተበትኖ ሻከረኝ፤
ቢላዋ አውጥቼ ቆረጥኩት።
"አዲስ እገዛለሁ" ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ አፌ ነው የቀደመኝ።

ገብቼ ፈረምኩ። በእርሳስ።
ሌሊት ቢጸጽተኝ፣ በአውራ ጣቴ እንዲታበስ።

ሲነጋ ስሜ በሰማያዊ ቀለም ደምቋል፣
የእርሳሱን መንገድ ተከትሎ፣ ከጠመመበትም ጠሟል።
በማን እጅ? አልጠየቅሁም። ኢርማ ወተት ስታጣራ
ጣቷ ሰማያዊ ነበር፤ ስለ ጥጃው ነበር የምታወራ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወጥተዋል።
ጎረቤቴ ጃንሱግ በመነጽር ይቆጥራል፤
"ስድስት ናቸው" ይለኛል፤ ቆይቶ ደግሞ "ስድስት" ይላል።
እኔ አላይም። ለተራራው ጀርባዬን ሰጥቼ
ማጭድ እስላለሁ፣ ስለቱ እስኪያልቅ ተግቼ።

ልክ ሠርተናል ወይ? አላውቅም።
በሰላም ብትመለስ እንኳ፣ ልክ ነበርን ማለት አይደለም፤
ባትመለስ ደግሞ...
ይህን መስመር አልጨርሰውም።

ጫማዬን ግን ከንጋት ጀምሮ አጥብቄ አስሬአለሁ፤
ሥራዬ ማውረድ ነው፤
ዛሬ ብቻ፣ ሥራ ፈት ሆኜ ልዋል ብዬ እጸልያለሁ።